የተረፈው ጨረር

ቀውስን በዐውደ ነገሥት የምታውቁት አትጠፉም። የኮከብ ቆጠራ ወግ ግን አልያዝኩም። በቀውስ ኮከቦች አቅጣጫ፣ 26 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ፣ የጋላክሲያችን የፍኖተ ሐሊብ እምብርት አለ፤ ወሬዬ ከዚያ ስለሚመጣ ጨረር ነው።

ጋማ ጨረር አየራችንን ሰንጥቆ መሬት አይደርስም። ስለዚህም ናሳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ፌርሚ የተባለውን ቴሌስኮፕ ወደ ሕዋ ላከ። በዓመቱ ሊሳ ጉዲናፍና ዳን ሁፐር የተባሉ ተመራማሪዎች ከእምብርቱ የመጣውን ጨረር መረመሩ። ምንጩ የታወቀውን ሁሉ ቀነሱ፤ ቢቀንሱ ቢቀንሱ ግን ትርፍ አለ።

ትርፉ ከዳርክ ማተር ይሆናል አሉ። ዳርክ ማተር ብርሃን አይሰጥም፤ መኖሩ የሚታወቀው በስበቱ ነው። ከጽንፈ ዓለሙ ቁስ 85 በመቶ ያህሉ እሱ ነው። በሞዴሉ መሠረት ሁለት ቅንጣቶቹ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፣ በመጨረሻም ጋማ ጨረር ይወጣል። ጥግግቱ እጥፍ ሲሆን መጠፋፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥግግቱ የሚበዛበት እምብርት መድመቅ አለበት፤ ደምቋልም። የቅንጣቱ ክብደት የፕሮቶን 30 ወይም 50 እጥፍ ነው ከተባለ ስሌቱ ይገጥማል። እኔን የሚያጠራጥረኝ ይኸው ነው። ማንም ያላየውን ቅንጣት እኛው ክብደቱን ከመረጥንለት፣ ባይገጥም ነበር የሚገርመው!

የዳርክ ማተሩ ሐሳብ ተፎካካሪ አለው፦ ሚሊሰከንድ ፐልሳር። በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ የሚሽከረከር የሞተ ኮከብ ሲሆን፣ የሚረጨው ጋማ ጨረር ከትርፉ ጋር ይመሳሰላል። እንጦጦ ላይ ቆማችሁ ማታ አዲስ አበባን በጉም ውስጥ እዩዋት። የምታዩት አንድ ወጥ ብርሃን ነው ወይስ የብዙ አምፖል ድምር? ስለ ትርፉም ጥያቄው ይኸው ነው፤ በ2015 ሁለት ቡድኖች “አምፖል ነው” አሉ። በ2019 ደግሞ ሬቤካ ሊንና ትሬሲ ስላትየር ቡድኖቹ ከተጠቀሙባቸው ስልቶች አንዱ ሊያሳስት እንደሚችል አሳዩ። ክርክሩ እንደገና ተከፈተ።

የዳርክ ማተሩን ሞዴል በሌላ ቦታም መፈተን ይቻላል፦ በጋላክሲያችን ዙሪያ ድንክ ጋላክሲዎች አሉ። ዳርክ ማተር የሞላባቸው፣ ፐልሳር ግን እምብዛም የማይጠበቅባቸው ናቸው። ሞዴሉ እውነት ከሆነ እነሱም ጋማ ጨረር ሊሰጡ ይገባል። ፌርሚ ለዓመታት ቢያያቸውም የሚያስተማምን ምልክት አላገኘም። ደጋፊዎቹ “የያዙት ዳርክ ማተር ከገመትነው ያነሰ ይሆናል” ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ወደ ፐልሳሮቹ አደላለሁ። እነሱም ቢሆኑ ዕዳ አለባቸው፦ በዚያ ብዛት ካሉ በሬዲዮ ሞገድ መገኘት አለባቸው። በደቡብ አፍሪካ ካሩ፣ እንዲሁም በአውስትራሊያ፣ እየተገነባ ያለው ኤስኬኤ የተባለው ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ፐልሳር ፍለጋ ነው።