የእናቶቻችን ፍንጃልና የእንግዳ ሐቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ውድ አንባብያን፤ ይህ ጽሑፍ ለመስጊዳችን ጀመዓ እናቶችና እህቶች በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ኮሚቴው ለመታሰቢያ መጽሔቱ በጽሑፍ እንዳዘጋጀው በጠየቀኝ ጊዜ ጥቂት ነገር ጨምሬበታለሁ። ስለ ታላላቆቹ ጉዳዮች ዓሊሞቻችን ጽፈዋልና እኔ የማወጋችሁ በየቤታችን ስላለ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ከእናትና ከአያት በወረደ ፍንጃል፣ ትሪና ጨርቅ ለእንግዳ ቡና ስለማቅረብ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም እኔን በአላህ ፊት ከሚያስጠይቅ ዕዳ ውስጥ ከቶኝ ያውቃል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ አደራ እላለሁ።

ያደግሁት ደሴ ነው። አባቴ ሐጅ አድርገው ሲመለሱ ከጂዳ 12 ፍንጃሎች ይዘው መጡ። ጆሮ የሌላቸው፣ ነጭ፣ አረንጓዴ ሐረግ የተሳለባቸው፣ አፋቸው ዙሪያ ቀጭን ወርቃማ መስመር ያለባቸው ነበሩ። እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ ሙሽራ ሳለች በእጇ የጠለፈችው የረከቦት ልብስ ነበራት። ከአያቴ የወረዱ ሁለት የብር ዋንጫዎችም ነበሩን። በዒድ ቀን ለክብር እንግዳ ብርዝ የሚቀዳው በእነዚያ ነበር።

እንዲህ ያለው ዕቃ ከባሕር ማዶ መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። «ስኒ» የምንለው ቃል ራሱ «የቻይና» ማለት ከሆነው ከዐረብኛው «ሲኒ» የመጣ ነው። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ በተደረገ ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ መገኘቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን፣ በዚያው ስፍራ ከቻይና የመጡ የሸክላ ስባሪዎችም መገኘታቸው ተገልጿል። እንግዲህ የሩቅ አገር ሸክላ ከእኛ ሰዎች እጅ ከገባ ብዙ መቶ ዓመታት ሆኖታል ማለት ነው።

ስለ ብር ዋንጫዎቹ አንድ ነገር ልበል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በወርቅና በብር ዕቃ መብላትና መጠጣትን ከልክለዋል። ይህም ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የታወቀ ነው። እናቴ ይህን ከአንድ ሸይኽ እንደሰማች በሳምንቱ ዋንጫዎቹን ወደ ብር ሠሪ ወስዳ አስቀለጠቻቸውና አምባር አሠራቻቸው፤ የብር ጌጥ ለሴት የተፈቀደ ነውና። የአያት ቅርስ ነው ብላ አላመነታችም። በገበያ «ብር» እየተባለ የሚሸጠው ትሪና ማንኪያ አብዛኛው በኒኬል የተለበጠ ወይም የማይዝግ ብረት ነው። የወረሰው ዕቃ እውነተኛ ብር መሆን አለመሆኑን የሚጠራጠር ሰው ለብር ሠሪ ያሳየው፤ ከዚያም ዓሊም ይጠይቅ።

ፍንጃሎቹን ግን እናቴ ከማንም አልቆጠበችም። ሐብታም ሲመጣ የሚወጣ፣ ድሃ ሲመጣ የሚደበቅ ዕቃ አልነበራትም። እንጨት ተሸክማ የመጣችው ሴትም፣ ከአውሳ የመጣው ነጋዴም በዚያው በባለ ሐረጉ ፍንጃል ይጠጣሉ። ጎረቤት ሰርግ ወይም ለቅሶ ካለበት ደግሞ ፍንጃሎቹ ከነረከቦታቸው ይሄዳሉ። በተመለሱ ጊዜ አትቆጥራቸውም ነበር። «ቆጥሬ የምቀበል ከሆነ ባልሰጠሁ ይሻለኛል» ትል ነበር።

እናቴ ወደ አኺራ ስትሄድ እኛ ልጆቿ ስለ ዕቃዎቹ ተነጋገርን። በአገራችን ልማድ የወጥ ቤትና የቡና ዕቃ የሴት ልጅ ነው ተብሎ ዝም ብሎ ይወሰዳል። ይህ ትክክል አይደለም። በሱረቱ ኒሳእ 7ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ወላጆች ከተዉት ንብረት ጥቂትም ሆነ ብዙ ወንዱም ሴቱም ድርሻ እንዳላቸው ደንግጓል። 12 ፍንጃልም ከ«ጥቂት» ውስጥ ነው። ስለሆነም ወንድሞቻችንን ጠየቅን፤ እነርሱም ወድደው ተዉልን። እህቶቼ ደግሞ ስብስቡ ከሚበተን በአንድ ቤት ይቀመጥ ብለው እኔ ዘንድ አደረጉት። ስጦታ ሳይሆን አማና ነበር፤ እናታችን ታደርግ እንደነበረው እንዳደርግበት የተሰጠኝ አማና።

እኔ ግን ባለ መስታወት ቡፌ አስገዛሁና ፍንጃሎቹን ደርድሬ ቆለፍኩባቸው። ለእንግዳ በገበያ ስኒ አቀርብ ጀመር። እንግዶች በመስታወቱ እያዩ «ማሻአላህ፣ እንዴት ያምራል» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ ሆኖ 6 ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን የጎረቤታችን የአንዲት እናት ባል ሞቱ። ለቀስተኛው በዛባቸውና ልጃቸውን ላኩብኝ። ልጁ በር ላይ ቆሞ «እትዬ፣ እማዬ ፍንጃል ያውሱን ብላለች» አለኝ። እኔም ፍንጃሎቹ በጀርባዬ በኩል በቡፌው ውስጥ ተደርድረው ሳለ «እህቴ ወስዳቸዋለች» አልኩት። ልጁ ሄደ። ዕቃ መከልከሌ ሳያንስ ዋሸሁ፤ ያውም ሐዘን ላይ ላለች ሴት።

ይህ ነገር ያንገበግበኝ የጀመረው ከወራት በኋላ፣ በአንድ የትምህርት ቀን የሱረቱል ማዑን ማብራሪያ ሲሰጥ ነው። ሱራው 107ኛው ነው፤ አንቀጾቹም 7 ብቻ ናቸው። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ በሶላት እንቀራዋለን። በመጨረሻው አንቀጽ «ማዑን»ን የሚከለክሉ ሰዎች ይወገዛሉ። ማዑን ዘካ ነው ያሉ ሰሓቦች አሉ። ኢብን መስዑድ ደግሞ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚዋዋሱት የቤት ዕቃ፣ እንደ ድስት፣ እንደ ባልዲ፣ እንደ መጥረቢያ ያለ ነው ብለው አብራርተውታል። ውድ አንባብያን፣ እኔ ያን ቀን ከድስቱና ከባልዲው አጠገብ ፍንጃሎቼን አየኋቸው።

ወደ ጎረቤቴ ሄድኩና «አውፍ በሉኝ፣ ያን ቀን ዋሽቻለሁ» አልኳቸው። ሴትዮዋ ዝም ብለው አዩኝና እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ፍንጃሎቹ ቤትሽ እንዳሉ አውቅ ነበር። የእናትሽ ለቅሶ ያለቀ ዕለት አጥቤ፣ 12 መሆናቸውን ቆጥሬ ያስረከብኩሽ እኔ ነኝ። አውፍ ብዬሻለሁ። እናትሽ ብትኖር ግን ልጁ ሳይላክ ይዛቸው ትመጣ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡፌው አይቆለፍም። እንግዲህ ከዚህ ተነስቼ የእንግዳን ሐቅና የዕቃውን አያያዝ በአጭሩ ላካፍላችሁ።

በሱረቱ ዛሪያት የኢብራሂም (ዐ.ሰ.) እንግዶች ታሪክ ተወስቷል። ኢብራሂም ምን ላምጣላችሁ ብለው አላስጨነቋቸውም። ቀስ ብለው ወደ ቤተሰባቸው ሄዱ፣ ሳይዘገዩ የሰባ ጥጃ አመጡ፣ ከእንግዶቹ ፊትም አቀረቡ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ካለው ምርጡን፣ ቶሎ፣ እንግዳው ሳይሳቀቅ።

የቡና ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። ዐብዱልቃድር አል-ጀዚሪ በ1558 እ.ኤ.አ. ገደማ በጻፉት ኪታብ በካይሮ በአል-አዝሀር የነበሩ የመናውያን ሱፊዮች ለዚክር ሲሰበሰቡ ቡና ይጠጡ እንደነበር ዘግበዋል። ቡናው በአንድ ትልቅ ቀይ የሸክላ ዕቃ ይቀርባል፤ መሪያቸውም በትንሽ ጭልፋ እየቀዳ ወደ ቀኝ ያሳልፋል። ወርቃማ መስመር ያለው ፍንጃል አልነበራቸውም፤ ሥርዓታቸው ግን ሙሉ ነበር። ስለዚህ ከእናቷ ፍንጃል ያልወረሰች እህት በሸክላ ስኒዋ አትፈር። እኛም ቤት ቡናው ከታላቅ ይጀመርና ወደ ቀኝ ይዙር። ቀጂዋም መጨረሻ ትጠጣ፤ አጠጪ መጨረሻ ይጠጣል የሚለው የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ነውና። በረካው ሳይደርስ እንግዳን አናስነሳ።

ዕቃውን አውጥቶ መጠቀም ማለት ግን አለመጠንቀቅ ማለት አይደለም። የቆየ ፍንጃል በብርድ ከተቀመጠበት ተነስቶ ወዲያው የፈላ ቡና ከተቀዳበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ይለቅለቅ። ወርቃማው መስመር በአመድና በሽቦ ከታሸ ይለቃልና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይታጠብ። ሲደራረብ በመካከሉ ጨርቅ ይግባ። ቡና የፈሰሰበት ጥልፍ ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከር፤ በረኪና ክሩን ይበላዋል። ታጥቦ ሲቀመጥ ስታርች አይደረግበት፤ ነፍሳት ይስባልና። እጥፋቱም በየጊዜው ይለዋወጥ፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር የታጠፈ ጨርቅ በዚያው መስመር ይቀደዳል። የእናቴ ጨርቅ ይህን ሳላውቅ በፊት አንድ ጎኑ ተቀዶብኛል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ፍንጃል ይሰበራል። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ከባለቤቶቻቸው አንደኛዋ ምግብ ልከው ሳለ ሌላይቱ በቅናት ሳሕኑን እንደሰበሩት ቡኻሪ ዘግበዋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሰው ፊት አላዋረዷቸውም። ስባሪውንና ምግቡን በእጃቸው ሰበሰቡ፣ ለተሰበረባቸውም ደህናውን ሳሕን ተክተው ላኩ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ተውሶ የሰበረ ይተካ፤ የተሰበረበትም ሰው አያሳፍር። ባለፈው ረመዳን እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አንድ ሽማግሌ ፍንጃል ወደቀባቸውና ደነገጡ። የፍንጃሉን ስባሪ በመጥረጊያ ማንሳት ይቻላል፤ የተሰበረ የእንግዳ ልብ ግን በምን ይነሳል? ሌላ ፍንጃል ሞልቼ ሰጠኋቸው።

በመጨረሻ፣ ፍንጃል፣ ረከቦት ወይም ጥልፍ ከወላጆቻችሁ የወረሳችሁ ሁሉ፣ በመጀመሪያ ሐቁን አጥሩ፤ ወንድምና እህት ወድደው የተዉት መሆኑን አረጋግጡ። ቀጥሎም አውጡት፣ ቅዱበት፣ አውሱት። ለልጆቻችሁም ከዕቃው ጋር አጠቃቀሙን አውርሱ።

ዛሬ የእናቴ ፍንጃሎች 9 ናቸው። ሦስቱ የተሰበሩት በእንግዳ እጅ ነው። በተቆለፉባቸው 6 ዓመታት አንድም አልተሰበረም፤ አንድም ሰው ግን ቡና ጠጥቶባቸው ለእናቴ ዱዓ አላደረገም። አሁን በረካው በተጠጣ ቁጥር «አላህ ይማራት» ይባልላታል።

አላህ (ሱ.ወ.) ወላጆቻችንን ይማርልን። ቤታችንን እንግዳ የማይሳቀቅበት፣ ጎረቤት የማይከለከልበት ያድርግልን። አሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።