በደረታችን ላይ የምንጽፈው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



የምንናገረው ስለ ለበስነው ካናቴራ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ካናቴራ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» ትሉ ይሆናል። እኛም ከጥቂት ወራት በፊት እንደዚሁ እንል ነበር። ዳሩ ግን በዚህ ጨርቅ ምክንያት እርስ በርሳችን ተጣልተናል፣ ገንዘብ አጥፍተናል፣ አፍረናል፤ በመጨረሻም ጥቂት ነገር ተምረናል። የጠፋው ገንዘብ የወላጆቻችን ስለ ነበረ፣ የተማርነውን ለእናንተ መንገር ግዴታችን ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተመራቂ ተማሪዎች እንደ ልማዱ የመታሰቢያ ካናቴራ ያሳትማሉ። እኛም ከየቤታችን ገንዘብ አዋጥተን ስለ ሥዕሉ ለመምከር ተሰበሰብን። ምክሩ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። በባሕር ማዶ የታወቀ የአንድ የስፖርት ልብስ ኩባንያ ምልክት ወስደን፣ በኩባንያው ስም ፈንታ የትምህርት ቤታችንን ስም በዚያው ዓይነት ፊደል ልናገባ ወሰንን። ሁሉም አጨበጨበ። አንዲት ጓደኛችን ብቻ ተነሥታ «ይህ ምልክት የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። እኛም ሳቅንባት። «በታይዋን ገበያ የማይቀዳ ምን ነገር አለ?» አልናት። እርስዋም ዝም ብላ ተቀመጠች።

ከዚያም ወደ አንድ ማተሚያ ቤት ሄደን ከሁሉ ርካሽ የሆነውን ጠየቅን፤ የጠየቅነውንም አገኘን። 80 ካናቴራዎች ታተሙ። ጨርቁ ፖሊስተር የበዛበት ስለ ነበረ በድሬዳዋ ሙቀት ላብ አይመጥም፤ የለበሰው ሰው በፌስታል እንደ ተጠቀለለ ሆነ። በመጀመሪያው እጥበት ደግሞ ሥዕሉ ተላጠ። የአንድ ጓደኛችን እናት «ልጄ፣ ገንዘቤ በሳፋው ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አየሁት» አሉን። እኛም የምንመልሰው ቃል አጣን።

በዚያው ሳምንት አንድ መምህራችን ስለ ጉዳዩ ሰምተው ወደ ክፍላችን ገቡ። ስለ ቀለሙ መላጥ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ በአገራችን የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የሚባል ሕግ መኖሩን ነገሩን። አንድ ሰው አስቦ የሠራውንና ያስመዘገበውን ምልክት ሌላው ያለ ፈቃድ ሊጠቀምበት እንደማይገባው አስረዱን። ቀጥለውም «በየማለዳው ጸሎት ላይ ስለ ስርቆት የተማራችሁት ለዶሮና ለበግ ብቻ ነው ወይ?» ብለው ጠየቁን። ያን ጊዜ ያቺ የሳቅንባት ጓደኛችን ትዝ አለችን። ዛሬም ከዚህ መድረክ ላይ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እንጠይቃታለን።

እንግዲህ የሰው ካልቀዳን ምን እንሣል? በዚህ ስንጨነቅ የታሪክ መምህራችን አንድ ቅዳሜ ወደ ሐርላ ወሰዱን። ሐርላ በድሬዳዋና በሐረር መካከል የምትገኝ መንደር መሆንዋን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ብዙዎቻችን ግን በመኪና ስናልፍ ከሩቅ ከማየት በቀር ገብተንባት አናውቅም ነበር። በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለ ሥልጣን ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዚያ ቁፋሮ አካሂደዋል። በቁፋሮውም ከ6ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ሰው ይኖርበት የነበረ የንግድ ከተማ ተገልጧል። በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ ተገኝቷል። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የተመታ ገንዘብ፣ ከቻይና የመጣ የሸክላ ዕቃ፣ ዛጎልም ተገኝቷል። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን የጌጣጌጥ መሥሪያው ስፍራ ነው። የሐርላ ሰዎች ከሩቅ አገር የመጣውን ዕቃ ገዝተው ከማጌጥ አልፈው፣ ብርና ነሐስ፣ ብርጭቆና የከበረ ድንጋይ በገዛ እጃቸው እየሠሩ ዶቃና ጌጥ ያወጡ ነበር።

የአካባቢው ሰዎች ሐርላን የሠሯት ግዙፋን ናቸው ይሉ ነበር። የሕንፃዎቹ ድንጋይ ትልልቅ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለውን ድንጋይ የሚያነሣ ተራ ሰው አይደለም ብለው አሰቡ። እኛም ይህን እንደ ሰማን «ሥዕሉ ተገኘ! በካናቴራው ላይ ግዙፍ ሰው እንሣላለን» ብለን ጮኽን። መምህራችን ግን ፈገግ አሉና «መቃብሮቹ ሲመረመሩ የተገኙት አፅሞች እንደ እናንተ ያለ ቁመት የነበራቸው ሰዎች አፅም ነው» አሉን። ከዚያም የአንዲት ትንሽ ዶቃ ፎቶግራፍ አሳዩን። «ግዙፍ ከምትሥሉ ይህችን ሣሉ፤ ይህችን የሠራው ሰው በእርግጥ ነበረ» አሉን።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። እኛ ልብሳቸውን የምንቀዳቸውን ኩባንያዎች እንደ ግዙፋን እናያቸው ነበርና። መነሻቸውን ስንመረምር ግን ብዙዎቹ እንደ እኛ ያለ ቁመት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሾን ስቱሲ በካሊፎርኒያ የባሕር ሞገድ መንሸራተቻ ሳንቃ የሚሠራ ሰው ነበረ። በሳንቃው ላይ የሚፈርመውን የገዛ እጁን ጽሕፈት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በካናቴራ ላይ አትሞ መሸጥ ጀመረ፤ ያ ፊርማ በመላው ዓለም የታወቀ ምልክት ሆነ። በአምስተርዳም ከተማም ዘራቸው ከሶማሊያ፣ ከጋናና ከሞሮኮ የሆነ ሦስት የልጅነት ጓደኞች እ.ኤ.አ. በ2012 ዴይሊ ፔፐር የሚባለውን የልብስ ስም አቋቋሙ። የአፍሪካ ወላጆቻቸውን ወግና ጌጥ በልብሱ ላይ እያወጡ ዛሬ ስማቸው የታወቀ ሆነ። በአገራችንም ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የሚባለውን የጫማ ሥራ ጀምረዋል። መነሻቸውም አርበኞችና ገበሬዎች የተጫሙት፣ ከመኪና ጎማ የሚሠራው የእኛው በረባሶ ነበረ። እነዚህ ሁሉ የጀመሩት በአጠገባቸው ከነበረው ነገር ነው።

ካናቴራ ራሱ ትንሽ ታሪክ አለው። ስሙን ከጣልያንኛ ያገኘን ሲሆን፣ በመጀመሪያ ከሸሚዝ ሥር የሚለበስ የውስጥ ልብስ ነበረ። ተዋናዩ ማርሎን ብራንዶ እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣ ፊልም ላይ ያለ ሸሚዝ ለብሶት ከታየ በኋላ ወጣቶች በአደባባይ ይለብሱት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ደረቱ እንደ ሰሌዳ ሆኗል። በ1970ዎቹ የኒው ዮርክ ከተማ ገንዘብ አጥታ በተጨነቀችበት ዘመን፣ ሚልተን ግሌዘር የተባለ ሠዓሊ ሦስት ፊደልና አንድ ቀይ ልብ ሥሎ ለከተማይቱ ፍቅርን ገለጠ። በአገራችንም ታላቁ ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሯጮች ከተጀመረ ወዲህ ቁጥሩ ከ40,000 አልፏል፤ የሩጫውም ካናቴራ በየመንደሩ እርሻ ላይና ግንባታ ላይ ሳይቀር ይታያል። ሰው ያን ካናቴራ ሲለብስ «እኔም ነበርሁ» ማለቱ ነው። እኛስ በከፊራ ገዝተን የምንለብሰው፣ ያላየነው ከተማና ያላነበብነው ዐረፍተ ነገር የተጻፈበት ካናቴራ ስለ እኛ ምን ይላል? ማንበብ የማንችለውን ነገር በደረታችን ላይ አንጥፈን መሄድ፣ ያላነበቡትን ወረቀት እንደ መፈረም ይቈጠራል።

እንግዲህ ዶቃውን ልንሥል ተስማማን። ወዲያው ግን ሌላ ክርክር ተነሣ፤ ከሥዕሉ ሥር በምን ቋንቋ እንጻፍ? በክፍላችን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ የሚናገሩ አሉ። ሁሉም ሐርላን የአያቶቼ አገር ነች ይላል። ክርክሩ ጠንክሮ ሁለት ጓደኛሞች ሦስት ቀን ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። በመጨረሻ አንዱ «ዶቃ ለብቻዋ ጌጥ አትሆንም፤ በክር ስትሰካ ነው» አለ። ከዚያም እያንዳንዳችን አንዳንድ ዶቃ በገዛ እጃችን እንድንሥል ወሰንን። 80 ተማሪዎች 80 ዶቃ ሣልን። አንዱ ክብ ነው፣ አንዱ ረዘም ያለ ነው፣ አንዱም ተጣሞ ድንች ይመስላል። ሁሉንም በአንድ ክር ሰክተን በጀርባው ላይ አደረግን፤ በደረቱ ላይ አንዲት ዶቃ ብቻ ተውን። ያኮረፉት ሁለቱም ዶቃቸውን ጎን ለጎን ሣሉ። ዘንድሮ የወጣቱ ፋሽን ትከሻው የወረደ ሰፊ ካናቴራ፣ በደረቱ ትንሽ ምልክት፣ በጀርባው ትልቅ ሥዕል ስለ ሆነ፣ ከዘመኑም አልራቅንም።

ለሁለተኛው ካናቴራ ከወላጆቻችን አንድ ሳንቲም አልጠየቅንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ እየሠራን ባገኘነው ገንዘብ የጥጥ ካናቴራ ገዛን። ኅትመቱንም ራሳችን ሠራን። ሥራውን ለሚከተሉን ተማሪዎች እንዲጠቅም በአጭሩ እንግለጸው። በእንጨት ክፈፍ ላይ እንደ ወንፊት ያለ ቀጭን መረብ ይወጠራል። መረቡ ብርሃን ሲነካው የሚደርቅ ቅባት በጨለማ ክፍል ይቀባል። ሥዕሉ በጥቁር ቀለም በላስቲክ ወረቀት ላይ ታትሞ በመረቡ ላይ ይደረግና ብርሃን ይመታዋል። ለዚህ ሌላው መብራት ይገዛል፤ እኛ ግን የድሬዳዋ ፀሐይ አለን። ሥዕሉ የጋረደው ስፍራ ስለማይደርቅ በውኃ ሲታጠብ ይለቅቃል፤ በዚያ ቀዳዳ ቀለሙ በጎማ መግፊያ እየተገፋ ወደ ጨርቁ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ቀለም አንዳንድ ክፈፍ ስለሚያስፈልግ እኛ አንድ ቀለም ብቻ መረጥን። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መጨረሻው ነው፤ ቀለሙ በበቂ ሙቀት ካልበሰለ ይላጣል ወይም ይለቅቃል። በውኃ የሚበጠበጠውን ቀለም በካውያ ደጋግመን ተኰስነው። በሙከራው ሦስት ካናቴራ አበላሸን። የቀሩት ግን እነሆ በላያችን ናቸው፤ አምስት ጊዜ ታጥበው ጥቂት ገርጥተዋል እንጂ አልተላጡም። የቀድሞዎቹስ የት ደረሱ ብትሉ፣ በየክፍሉ የጥቁር ሰሌዳ መጥረጊያ ሆነው ያገለግላሉ።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ይህ ነገር ከጨዋታ ያለፈ መሆኑን እንድታዩልን እንለምናለን። አገራችን መስፋት ታውቃለች። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሺህ ወጣቶችን ይዞ ለውጭ ኩባንያዎች ልብስ ሰፍቷል። ነገር ግን አሜሪካ አጎአ በተባለው ሕግ ለኢትዮጵያ ሰጥታው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስታቋርጥ፣ በዚያው ዘመን ከፓርኩ የወጣ ታላቅ ኩባንያ አለ፤ ሥራቸውን ያጡ ልጃገረዶችም ነበሩ። ሰፊው የስፌቱን ዋጋ ብቻ ያገኛል፤ በአንገቱ ላይ ያለው ስም ባለቤት ግን ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ከተማችንም ከቀድሞ ጀምሮ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ናት፤ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠና አላት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ጀምሮ የሰው ጨርቅ በድሬዳዋ ሲያልፍ ኖሯል። ከሚያልፈው ጨርቅ ጥቂቱን አስቀርተን የራሳችንን ስም ብንጽፍበት፣ የሐርላ ሰዎች ያደረጉትን ማድረጋችን ነው።

የሚከተሉን ተማሪዎች ሆይ፣ በመጪው ዓመት የእናንተ ተራ ነው። ዶቃችንን አትቅዱ፤ እርስዋም የእኛ ምልክት ናት። በአጠገባችሁ ያለውን ፈልጉ። በስብሰባችሁም አንዱ ተነሥቶ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አትሳቁበት። መክሊቱን በመሬት ውስጥ የቀበረውን አገልጋይ ታሪክ ሁላችን ተምረናል፤ በሐርላ መሬት ውስጥ ግን ሌሎች ሠርተው የተዉልንን መክሊት አገኘን።

ወላጆቻችን፣ የመጀመሪያውን ገንዘባችሁን ስላጠፋንባችሁ ይቅርታ አድርጉልን። በመግቢያው በር አጠገብ በየስማችሁ የተቀመጠ አንዳንድ ካናቴራ አለ፤ ሳትከፍሉ ውሰዱት።