መርሳት እርግማን አይደለም
(በኮልፌ ቀራንዮ ለጎልማሳ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



እኛ ከዩኒቨርሲቲ የዘመትን ተማሪዎች ዛሬ ስለ መርሳት በሽታ እንነጋገራለን። በየሰፈሩ የልጃቸው ስም የሚጠፋባቸው፣ በልተው «አልበላሁም» የሚሉ፣ ከደጅ ወጥተው መመለሻው የሚጠፋቸው አረጋውያን አሉ። አንዳንዱ «ጃጁ» ብሎ ይስቃል፤ አንዳንዱ «እርግማን ነው» ብሎ ከእንግዳ ዓይን ይሸሽጋቸዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው።

እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ ያለውን አለርት ሆስፒታል ታውቁታላችሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነበር። ሥጋ ደዌም እርግማን ሲባል ኖሯል። ምክንያቱ ግን በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው፤ ዛሬ በመድኃኒት ይድናል።

መርሳትስ? በ1906 እ.ኤ.አ. አሎይስ አልዛይመር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የማስታወስ ችሎታዋን አጥታ የሞተች ሴት አንጎል መረመረ። በሕዋሳቱ መካከል የተጋገረ ቆሻሻ፣ በውስጣቸውም የተወሳሰበ ክር መሰል ነገር አገኘ። በብዛት የሚታየው የመርሳት በሽታ በስሙ ይጠራል።

የዛሬ ተመራማሪዎች ደግሞ ጠለቅ ብለው ያያሉ። በየሕዋሱ ውስጥ የዘር መመሪያ የያዘ ረጅም ክር አለ። የሸማኔ ማግ በቀሰም ላይ እንደሚጠመጠም ሁሉ ይህም ክር በጥቃቅን ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሟል። ጥምጥሙ ሲላላ መመሪያው ይነበባል፤ ሲጠብቅ ግን መመሪያው እያለ አይነበብም። ይህን የሚያጠናው ትምህርት ኤፒጄኔቲክስ ይባላል። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ክሩን የሚያጠብቅ ኤችዳክ 2 የተባለ ፕሮቲን በታመሙ አይጦች አንጎል ውስጥ በዝቶ አገኙት። ሲቀንሱት አይጦቹ ማስታወስ ቻሉ። በአልዛይመር ታመው በሞቱ ሰዎች አንጎልም ይኸው ፕሮቲን በዝቶ ታይቷል።

ታዲያ መድኃኒቱ ተገኘ ማለት ነው? አይደለም። አይጥን የረዳ ሁሉ ሰውን አይረዳም፤ አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም።

ሆኖም እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። በ2024 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ዘገባ 14 ምክንያቶችን ማስወገድ ቢቻል ከመቶ 45 ያህሉን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል። ከእነዚህም የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ የጆሮ መድከምና ትምህርት ማጣት ይገኙበታል። ስለዚህ ግፊታችሁን በጤና ጣቢያ ተለኩ። ልጆቻችሁን፣ ሴቶቹንም ጭምር፣ ከትምህርት ቤት አታስቀሩ። እናንተም ደብተራችሁን አትጣሉ።

ቤታችሁ የሚረሳ ሰው ካለ ለሐኪም አሳዩት፤ ከቪታሚን ማነስ የመጣ እንደሆነ ሊታከም ይችላልና። አሥር ጊዜ ቢጠይቃችሁ አሥር ጊዜ መልሱለት።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. በሰፈራችን የሚረሱ አረጋውያን እንዴት ይያዛሉ?
2. ከዛሬ ጀምሮ ምን ማድረግ እንችላለን?