በብስክሌት ወደ ቀድሞ ባልንጀሮቼ



በዚህ ጉባኤ ስለ መንገድ ሥራ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ በቢሮ ካጠናሁት ይልቅ በብስክሌት ላይ ሆኜ የተማርሁትን ለማቅረብ መረጥሁ። ይኸውም በጥር 2012 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ያለውን 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአራት ቀን የተጓዝሁበት ነው። ዐላማዬም በ2003 ዓ.ም. ከአምስት ኪሎ አብረን ተመርቀን፣ ከዚያ ወዲያ በስልክ እንኳ መጠያየቅ የተውናቸውን ባልንጀሮቼን ለመጎብኘት ነበር።

በመኪና የሚሄድ ሰው መንገዱን ሳያየው ያልፋል። ብስክሌት ነጂ ግን ዳገቱን በጉልበቱ፣ የአስፋልቱን ስንጥቅ በመዳፉ ያውቀዋል። ቆቃ ስደርስም በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ሐይቁ በደለል እየተሞላ መሄዱን፣ ተማሪዎች ሳለን ለፈተና ብቻ ያጠናነውን ጉዳይ፣ ቆም ብዬ አሰብሁት።

መቂ ላይ ያረፍሁት «ሙያውን ትቶ ነጋዴ ሆነ» እያልን ስናማው ከኖርነው ባልንጀራዬ ዘንድ ነው። የውሃ ፓምፕ ይሸጣል፣ ይጠግናልም። በማለዳ አንድ ሽንኩርት አምራች ገበሬ ትልቅ ፓምፕ ሊገዛ መጣ። ባልንጀራዬ ግን አስቀድሞ አብሮት ሄዶ ከውሃው እስከ ማሳው ያለውን ከፍታ ለካና ዋጋው አነስ ያለውን ሸጠለት። እኔ በዚያ ዓመት ንድፍ ካወጣሁላቸው ቦታዎች አንዱንም በእግሬ አልረገጥሁም ነበር።

ሁለተኛው ባልንጀራዬ ከሻሸመኔ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር መንገድ ላይ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንድ ባለ 60 ሳንቲ ሜትር የውሃ ማፋሰሻ ቱቦ በ90 እንዲተካ ጽፎልኝ ነበር። ተዳፋቱ አንድ ሆኖ ሞልተው ሲፈሱ፣ ባለ 90ው ከባለ 60ው ሦስት እጥፍ ያህል ውሃ እንደሚያሳልፍ በአንድ ወንበር ተቀምጠን ያሰላነው ነገር ነው። ሆኖም ወጪ ለመቀነስ ስል መልስ ሳልሰጠው ንድፉን እንዳለ አሳለፍሁት።

ወደ ስፍራው ወሰደኝ። የክረምቱ ጎርፍ የመንገዱን ትከሻ ቆርጦ፣ በታች ያለውን የአንድ ቤተሰብ የበቆሎ ማሳ ቦረቦር አድርጎታል።

«ደብዳቤዬ ደርሶህ ነበር?» አለኝ።

«ደርሶኝ ነበር» አልሁት።

ከዚህ በቀር አንዳች አልተናገረም። ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ «ጫፉን ያዝልኝ» አለኝ፤ እስኪመሽ ድረስም ስንለካ ቆየን። በማግሥቱ ሐዋሳ ስገባ የሁለታችን ቁጥሮች የተጻፉበት ወረቀት በደረት ኪሴ ነበረ። ቱቦው በተከታዩ ዓመት ተቀየረ። የማሳው አፈር ግን አልተመለሰም።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤ በመካከላችን በቢሮ የሚሠራና በመስክ የሚውል አለ። ሁላችንም ግን አንድ ትምህርት ቤት ያሳደገን ነን። በመስክ ያለ ወንድማችን ወይም እኅታችን ሲጽፉልን፣ የሚጽፉልን ውሃውን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸውና፣ መልስ ሳንሰጥ ንድፍ አናጽድቅ። ከእኛም እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከፈረመባቸው ሥራዎች አንዱን ሄዶ ይጎብኝ ዘንድ በትሕትና ሐሳብ አቀርባለሁ።