«ይመረጣል፣ አይመረጥም» ስለሚባለው ነገር
(በጠቅላላ ጉባዔ የተደረገ ንግግር)



«ሰውዬው ደህና ነው፣ ግን አይመረጥም» የምንለው ነገር አለ። የአሜሪካ ምርጫ በመጣ ቁጥር ከሬዲዮ የምንሰማው፣ እዚያ ያሉት ልጆቻችንም በስልክ የሚነግሩን ይኸንኑ ነው።

እስቲ የኬኔዲን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1928 አል ስሚዝ የሚባሉ ካቶሊክ ተወዳድረው በሁቨር ክፉኛ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ «ካቶሊክ አይመረጥም» ሲባል ኖረ። በ1960 ኬኔዲ ሲነሱ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች እንኳ ይኸንኑ ፈሩ። እሳቸው ግን ካቶሊክ ጥቂት ወደሆነባት ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ሄደው ስለ ሃይማኖታቸው ለሕዝቡ ፊት ለፊት ተናገሩ። በፓርቲው ማጣሪያ ከመቶ 60 በላይ ድምፅ አገኙ። በዚያው ዓመትም፣ በጠባብ ልዩነት ቢሆንም፣ ፕሬዚዳንትነቱን አሸነፉ።

እርግጥ ስሌትም አለው። እዚያ አገር የሚቆጠረው በየክፍለ ግዛቱ ነው፤ ከ538 የመራጭ ወኪሎች ድምፅ 270 ማግኘት ግድ ነው። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በሕዝብ ድምፅ ትራምፕን በ2.9 ሚሊዮን ገደማ በልጠው ተሸንፈዋል። (እኛ ዘንድ እንኳን እንዲህ ያለ ጣጣ የለም፤ አንድ አባል አንድ እጅ ነው።)

ለሊቀ መንበርነት ከተጠቆሙት አንዷ ገንዘብ ያዣችን ናቸው። ሒሳባቸው አንድ ቀን ጎድሎ አያውቅም። ታዲያ ሴት ናቸውና «እኛስ እንመርጣቸው ነበር፣ ሌላው አይመርጣቸውም» እየተባለ ነው። ኧረ ይኼ ሌላው የሚባለው ማነው? በየአግዳሚው ጠይቀናል፤ ሁሉም ጎረቤቱን ያሳያል።

ከሻይ በኋላ እጅ እናወጣለን፤ ቆጣሪዎቹ ከፊት ይቀመጡልን።