የሌላው ሰው ትንፋሽ በእጃችን ሲሆን
(ስለ ጠላቂዎች መሣሪያ ጥገና ሙያ የተደረገ ንግግር)



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዛሬ የምንናገረው፥ ጠላቂዎች ከባሕር በታች የሚተነፍሱበትን መሣሪያ ስለሚጠግነው ባለ እጅና ስለ ትምህርቱ ነው። «ባሕር ለሌለው አገር ልጅ ይህ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል አይጠፋም፤ መልሱን ወደ ኋላ እንሰጣለን።

መሣሪያውን በ1943 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር የባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን ሠሩት። በጦርነቱ ዘመን ቤንዚን ስለ ጠፋ፥ ጋኛን መኪና በጋዝ እንዲሄድ የሚረዳ ቫልቭ ሠርቶ ነበር፤ ይኸው ቫልቭ ተሻሽሎ ለሰው ትንፋሽ ዋለ።

በሲሊንደሩ የታመቀው አየር ግፊቱ 200 ባር ያህል ነው፤ እንዳለ ወደ ሳንባ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ የሬጉሌተሩ የመጀመሪያ ክፍል ግፊቱን በዙሪያው ካለው ውሃ ግፊት በላይ ወደ 10 ባር ገደማ ያወርደዋል። በአፍ የሚያዘው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ከውሃው ግፊት ጋራ ያስተካክለዋል።

ትምህርቱ ረጅም አይደለም። ፋብሪካዎቹ የየራሳቸውን ዕቃ አጠጋገን በጥቂት ቀን ያስተምራሉ፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት በጥገና ቤት የሚሠራውን ሰው ነው። እንግዲህ ተማሪው አስቀድሞ ከነባር ባለ ሙያ አጠገብ መቆም አለበት። ሬጉሌተሩን ይፈታል፤ ጨውና ዝገቱን ያጥባል፤ ኦሪንጎቹን ደኅና ቢመስሉም ይለውጣል፤ መጽሐፉ ባዘዘው ልክ ያጠብቃል። ከዚያ መለኪያ ያስገባል፤ መርፌው ሳይቆም ቀስ እያለ ወደ ላይ ከሄደ፥ ቫልቩ በደንብ አልተዘጋምና እንደ ገና ይፈታል። በመጨረሻም ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ መውጣት አለመውጣቱን ይመለከታል፤ የሠራውንም በመዝገብ ይጽፋል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። በሆስፒታል የበሽተኛው ኦክሲጅን፥ በእሳት አደጋ ሠራተኛ ጀርባ ያለው አየር፥ በብየዳ ቤት ያለው ጋዝ፥ ሁሉም የሚወጣው እንዲህ ባለ ሬጉሌተር ነው። ተራ ግራሶ ከታመቀ ኦክሲጅን ጋራ ሲገናኝ እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል የሚያውቅ እጅ በአገራችንም ያስፈልጋል።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ባለ እጅን «ቀጥቃጭ» እያሉ መናቅ ብዙ ጎድቶናል። ከመካከላችን አንዱ ከጠረጴዛ ይልቅ መፍቻ ቢመርጥ አትዘኑበት። ጠላቂው የጠጋኙን ስም አያውቅም፤ ነገር ግን 20 ሜትር ወርዶ የሚተነፍሰው በእርሱ ታማኝነት ነው።