ዋግ፣ ገብስና የገበሬው ዘር



ከቡራዩ የአምቦን መንገድ ይዞ የወጣ ሰው ሆለታን ያገኛል፤ ገፋ ሲል አምቦ ይደርሳል። በሆለታ ምርምር ማዕከል ገብስ ይዳቀላል፤ በአምቦ ደግሞ የስንዴ ዋግ ናሙና እየተመረመረ ምን ዓይነት ዋግ እንደተነሣ ይለያል። የዛሬው ንግግሬ እነዚህ ሁለት ሥራዎች በሚገናኙበት ጉዳይ፣ በሽታን በሚቋቋም ዘር ላይ ነው።

ዋግ ፈንገስ ነው። ብናኙን ነፋስ ከአገር አገር ያሻግረዋል። የግንድ ዋግ፣ ቢጫ ዋግና የቅጠል ዋግ ብለን እንለየዋለን። ፀረ ፈንገስ መርጨት ይቻላል፤ መርጫውና መድኃኒቱ በወቅቱ ለማይደርሰው ገበሬ ግን መከላከያው በዘሩ ውስጥ ቢኖር ይሻላል።

ሆኖም ታሪካችን አንድ ነገር ደጋግሞ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው እንኮይ የተባለ የስንዴ ዝርያ የአርሲንና የባሌን ደጋ ከሸፈነ በኋላ፣ በ1993 በተነሣው የግንድ ዋግ ወደቀ። ኩብሳ ተተካ፤ እርሱንም በ2010 ቢጫ ዋግ መታው። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። በ2013 መገባደጃ አዲስ የግንድ ዋግ ባሌ ላይ ተነሥቶ ዲገሉን ፈጀው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንድ ትልቅ የተቋቋሚነት ዘረመል የሚያውቀውን ጠላት ብቻ እንደሚያስቆም ዘበኛ ነው። ፈንገሱ መልኩን ሲለውጥ ሳይታወቅ ያልፋል። ሰፊ አገር በአንድ ዝርያ ሲሸፈን ደግሞ አንዱን ማሳ ያለፈ ዋግ ሁሉንም አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ አዳቃዮች ዛሬ እያንዳንዳቸው በሽታውን በጥቂቱ የሚያዘገዩ በርካታ ዘረመሎችን በአንድ ዝርያ ያከማቻሉ። ኪንግበርድ የተባለው ስንዴ በዚህ መንገድ የተገኘ ነው።

ይህ ሁሉ ዘረመል ከየት ይመጣል? አንድ ምሳሌ ከገብስ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ1937 እና 1938 የጀርመን አሳሾች ከኢትዮጵያ ገብስ ሰብስበው ወሰዱ። በውስጡ ኤም-ኤል-ኦ የሚባለው ዘረመል ተገኘ። የገብስን ቅጠል በነጭ ብናኝ የሚሸፍነው ሻጋታ ወደ ሕዋሱ ለመግባት የሚጠቀምበት ፕሮቲን አለ፤ ይህን ዘረመል የያዘ ገብስ ያ ፕሮቲን አይሠራለትም፤ ሻጋታውም መግቢያ ያጣል። ከ1979 ጀምሮ ብዙው የአውሮፓ የጸደይ ገብስ በዚሁ ዘረመል ሲጠበቅ ኖሯል፤ ሻጋታው እስካሁን አልረታውም። ሰበታ የሜታ አቦ ቢራ አገር ናትና፣ የብቅል ገብስ ዋጋ ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይሆንም። የአውሮፓ ጠማቂ የሚመካበት ዘረመል የኢትዮጵያ ገበሬ ለዘመናት መርጦ ካቆየው ዘር የተገኘ ነው።

የራሳችን የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ ተቋቁሟል። ባንክ ውስጥ ያለ ዘር ግን ባለበት ይቆማል፤ ከበሽታው ጋር እየተፋለመ የሚለወጠው ማሳ ላይ ያለው ነው። እንዲህ ያለው ማሳ ደግሞ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ በየዓመቱ ለቤትና ለፋብሪካ ይሸነሸናል። ከተማ አይደግ አልልም። መሬቱ ከመታጠሩ በፊት ግን ከየገበሬው ጎተራ ዘር ይሰብሰብ፤ የዘሩ ስምና የበቀለበት ቀበሌ ይመዝገብ፤ ከፊሉ ባንክ ይግባ፣ ከፊሉ ማረስ ለቀጠሉት ይሰጥ። የከተማ ፕላን የሚያወጡ መሐንዲሶችና የሆለታ ተመራማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ፣ ቀጣዩን ዋግ የሚያቆመውን ዘረመል ሳናውቀው ኮንክሪት ልናለብሰው እንችላለን።